ደረጃ

የጠበቆች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፤
"የተገኙ" እላለሁ፣ ከሥሩ "የሌሉ"፤
መሐል ላይ አሰምራለሁ፣ በቀይ እስክሪብቶ፤
ማን ነው የሚጠይቀኝ መስመሩን ተመልክቶ?

ቢሯችን ፒያሳ ነው፣ ከሁሉም ከላይ ፎቅ፤
መስኮቱን ስትከፍተው፣ የግንቡ ጉልላት ያይሃል ሳይርቅ።
ከታች ልብስ ሰፊ አለ፣ ከጎኑ ፎቶ ቤት፤
ደረጃው አርባ አንድ ነው።
እኔ አልቆጠርኩትም፤ የቆጠረው ጋሽ አጣናው ነው፣ በዱላው ጫፍ ብረት።
ዓይኑ ባያይለትም፣ የሰባተኛዋን ስብራት ያውቃታል፤
እንደ ወንጀል ሕግ አንቀጽ በቃሉ ይዟታል።
"አርባ አንድ" ይለኛል ሁልጊዜ፣ ሲደርስ፣ ፈገግ ብሎ፤
እኔም እስቃለሁ፣ ወንበሩን ስቤለት ቶሎ።

ከታች፣ ከልብስ ሰፊው ደጅ፣ ክራንቿን አስደግፋ፣
ጥቁር ካባዋን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣
አንጓች አለች፣ የአዘዞዋ፤
ሰበር ሰሚ ድረስ ተከራክራ የረታች፤
በአርባ አንድ ደረጃ ግን ሳትሟገት ተረታች።
ስብሰባው ሲያበቃ ወርጄ "ምነው ቀረሽ?" እላታለሁ፤
"እዚህ ነበርኩ" ትለኛለች። እኔ ግን "የሌሉ" ብያለሁ።
ሦስት ዓመት። አሥራ አንድ ስብሰባ። አሥራ አንድ ጊዜ "የለችም"።
በሐሰተኛ ሰነድ ስንቱን አስቀጥቼ፣ የራሴ ክስ አልታየኝም።

"በራችን ለሁሉም ክፍት ነው፤ የሙያውን ደረጃ ግን እንጠብቅ"
ይላል አቶ ቢተው፣ ሊቀመንበሩ፤ እናጨበጭባለን ከፎቅ።

ያን ዓርብ፣ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣
ቀኑ የምርጫ ነበር፣ ዓመት የተጠበቀው።
ቆጠርኩ። መልሼ ቆጠርኩ። ምልዓተ ጉባኤው በአንድ ሰው ጎደለ።
"ማን ቀረ?" አለ ሊቀመንበሩ፣ ሰዓቱን እያየ፣ እየተቻኮለ።
ኑርሁሴን ጁምዓ ላይ ነው፤ ዓርብ፣ ስድስት ሰዓት፤
"ቀኑን ለውጡ" ያለባትን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ አስተኛናት።
ደምለው መምጣት ከተወ ቆየ፣ የወለቃው፣ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ፤
በሻይ ሰዓት የተቀለደውን ቀልድ አልጻፍኩትም፤ ስቄያለሁ እንጅ።

አጣናው ዱላውን አንኳኳ። "አንጓች ከታች ነች፤
ሳልፍ እጄን ጨብጣኛለች፤ ቀዝቅዛለች።"

ተላክሁ፤ ሮጬ ወረድኩ። "ነይ" አልኳት፣ "አራት ሆነን እንሸከምሻለን፤
ለዛሬ፣ ለምርጫው ብቻ፤ ድምፅሽን እንፈልጋለን።"
መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፤ ቀጥ አለች፣ ዳኛ ፊት እንዳለች ሁሉ፦
"ደንቡ ምልዓተ ጉባኤ ሲል፣ ክቡር ጸሐፊ፣ ሰው ነው ወይስ ፎቅ ነው ቃሉ?
እንደ እህል ማዳበሪያ በትከሻ ወጥቼ አልቆጠርም፤
ጉባኤው እናንተ ዘንድ ጎደለ እንጂ እኔ ዘንድ አልጎደለም።
ስለዚህ እላለሁ፣ በአባቶቻችን ወግ፣ በላ ልበልሃ፦
ጎደሎ ወደ ሙሉው ይወርዳል፤ ዝናቡም ወደ ቀሃ።"

ወጣሁ። ቃሏን እንዳለ አነበብኩ፣ ሳልቀንስ፣ ሳልጨምር፤
ለጥቂት ጊዜ ዝናቡ ብቻ ነበር የሚናገር።
አጣናው ተነሣ። ዱላው ቋ፣ ቋ፤ አርባ አንድ፣ አርባ፣ ሠላሳ ዘጠኝ…
መዝገቡን አቅፌ ተከተልኩት፤ የወንበር ድምፅ ከኋላዬ ተሰማኝ።
ሊቀመንበሩ መጨረሻ ወረደ፣ ግድግዳ ይዞ፣ አንድ አንድ እየረገጠ፤
ሰባተኛዋ ላይ ሲቆም አጣናው ክንዱን ሰጠው፣ ኮቴውን እያዳመጠ።
"ጉልበቴን" አለ በሹክሹክታ። ስንት ዓመት ነው የደበቀው!
እኛ ጉልበት አለው ስንል፣ ጉልበቱ ነበር ያስጨነቀው።

ልብስ ሰፊው መኪናውን አቆመ፤ በጨርቅ ጥቅል ላይ አስቀመጠን፤
አንጓች ብቻ ናት ወንበር ላይ፤ ቀና ብለን አየናት፣ ከሥሯ ተቀምጠን።

ሁሉም አልተፈታም። ቀኑን ከዓርብ የማንሣቱ ሐሳብ በሁለት ድምፅ ወደቀ፤
ወለቃ ደወልኩ፤ ጠራ፣ ጠራ፤ ደምለው አላነሣም፤ ድምፁ ራቀ።

ማታ ብቻዬን መዝገቡን ገለጥኩ። መሰረዝ ወንጀል ነው፤
በኅዳጉ ግን፣ አሥራ አንድ ጊዜ፣ ቀጠን አድርጌ ጻፍኩ፦
"ነበረች፤ ያልወረደው ጸሐፊው ነው።"
ፈረምኩ፤ ቀኑን ጨመርኩ፤ ማኅተም ብቻ ነው የቀረው፤
እሱ ገና አልወረደም፤ ፎቅ ላይ፣ መሳቢያው ውስጥ፣
ከኑርሁሴን ወረቀት ጋር ነው ያለው።